አሳውን የገደለው የየትኛው ቤት ልጅ ነው?

(ኮምቦልቻ ላይ ለአሳ አርቢዎች፣ ለአስጋሪዎች፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያዎችና ለተማሪዎች ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። በሩ ላይ የተለጠፈውን «የዘረመል ብዝኃነት» የሚል ወረቀት አይታችሁ ልትመለሱ የዳዳችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። አብሽሩ፣ ቀመር አልጽፍም። የማወራው ስለ አሳ በሽታ ነው። በተለይ ደግሞ በሽታውን ስለሚያመጡት ባክቴሪያዎች ዘር። ዘር የምለው በአንድ የዝርያ ስም ከሚጠሩት ባክቴሪያዎች መሃል ተለይቶ የሚቆመውን ቤተሰብ ነው።

ከአሳ አርቢዎች የሚደርሰኝ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። «አሳዬ እየሞተ ነው፣ ምን መድኃኒት ልስጠው?» ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ምን ገደለው? ላቦራቶሪ የደረሰ ሰው ካለ ወረቀቱን ያወጣል። ወረቀቱ ላይ «ኤሮሞናስ ተገኝቷል» ይላል። ሰውየው ገዳዩ የተያዘ ይመስለዋል።

አልተያዘም። ኤሮሞናስ የውሃ ባክቴሪያ ነው። ሐይቅ በሚባለው ሐይቃችን ውስጥ አለ፣ አርድቦ ሐይቅ ውስጥ አለ፣ ቦርከና ወንዝ ውስጥ አለ፣ ጓሮ በቆፈራችሁት ኩሬም አለ። ጤነኛ አሳ አንጀት ውስጥም ይኖራል። ኤሮሞናስ የሌለበት ውሃ ፈልጌ አሳ አረባለሁ የሚል ሰው ዕድሜውን ይጨርሳል እንጂ አያገኝም። እና የሞተ አሳ ውስጥ ኤሮሞናስ ተገኘ ማለት ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ቤቱ ውስጥ ሰው ነበር ከማለት አያልፍም። ማን ነበር? ጥያቄው ያ ነው።

አንድ የታመመ ቆሮሶ እጃችሁ ላይ አለ እንበል። ሆዱ ተነፍቷል። ዓይኑ ወደ ውጭ ፈጧል። ቅርፊቱ ቆሞ አንዳንዱ ረግፏል። ከክንፎቹ ሥር ቀይ ነጠብጣብ አለ። ሆዱን ስትሰነጥቁት ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ይወርዳል፣ ጉበቱ ገርጥቷል፣ ጣፊያው አብጧል። ይህን ያየ ሰው «ኤሮሞናስ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ግን ኤድዋርድሲየላ የሚባለው ባክቴሪያም እንዲሁ ያደርጋል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለውም ዓይን ያፈጣል፣ ሆድ ይነፋል። በዓይን ብቻ የሚለይ ነገር አይደለም።

ከኩላሊቱ ትንሽ ወስደን ደም ባለበት አጋር በሚባል የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ እንቀባዋለን። ሳህኑን ኢንኩቤተር ውስጥ እናሳድረዋለን። ጠዋት ክዳኑን ስናነሳ ክሬም ቀለም ያላቸው ክብ ክብ ነጥቦች በቅለዋል። ዙሪያቸው ያለው ደም ሟሙቶ ብርሃን ያሳልፋል። ከአምስት ኩሬ የመጡ አምስት ሳህኖች ጎን ለጎን ብትደረድሩ አንዱን ከሌላው አትለዩትም። ቀለሙ አንድ፣ ቅርጹ አንድ፣ ሽታው ሳይቀር አንድ ነው። ዲኤንኤያቸውን ስታነቡ ግን ሁለቱ መንታ፣ ሦስቱ ደግሞ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሆነው ልታገኟቸው ትችላላችሁ።

ታዲያ ዝምድናቸው እንዴት ይቆጠራል? በአገራችን ልጅ ሊዳር ሲል ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ስሙን ብቻ ሰምቶ ልጁን የሚሰጥ የለም። አሊ ብዙ ነው፣ ከበደም ብዙ ነው። አባቱ ማን፣ አያቱ ማን፣ ቅድመ አያቱ ማን እየተባለ ይወረዳል። እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ የሆነና ዛሬም የሚሠራበት አንድ የባክቴሪያ መለያ ዘዴ አካሄዱ ይህንኑ ነው። ባክቴሪያው ያለ እነሱ መኖር የማይችላቸው ጥቂት ጂኖች ይመረጣሉ። ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲኤ ለሚባለው፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ የሚቆጠሩት ሰባት ናቸው። ለኤሮሞናስ ስድስት ናቸው። የእያንዳንዱ ጂን ፊደላት ይነበባሉ፣ ለእያንዳንዱ የፊደል አደራደር ቁጥር ይሰጣል። ሰባቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲሆኑ ባክቴሪያው የቤተሰብ ቁጥር ያገኛል። ኤስቲ 7፣ ኤስቲ 283 እየተባለ ይጠራል። ታይላንድ ያለ ሰው ኤስቲ 283 አገኘሁ ካለ እኔም ኮምቦልቻ ሆኜ የትኛውን እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ገንዘብ ያለው ሰባቱን ትቶ ጂኖሙን፣ ማለትም የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ሙሉውን፣ ያነባል። የኤሮሞናስ ጂኖም ወደ 4.7 ሚሊዮን ፊደል ነው።

እዚህ ላይ ለተማሪዎች አንድ ነገር ልበል። ላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያን ለመሰየም ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት 16ኤስ የሚባል ጂን አለ። ጥሩ መሣሪያ ነው። ኤሮሞናስ ላይ ግን ይሰንፋል። የኤሮሞናስ ዝርያዎች 16ኤሳቸው እጅግ ስለሚመሳሰል ሃይድሮፊላን ከቬሮኒ፣ ቬሮኒን ከሌላው እያምታታ ይሰጣችኋል። ጋይሬዝ ቢ ወይም አርፖ ዲ የሚባሉትን ጂኖች ብታነቡ በጣም የተሻለ ትለያላችሁ። በባዮኬሚስትሪ ምርመራ ብቻ «ሃይድሮፊላ» የተባሉ ባክቴሪያዎች በኋላ ዲኤንኤያቸው ሲነበብ ሌላ ሆነው የተገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይ «ሃይድሮፊላ አገኘሁ» ከማለታችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡበት።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ባክቴሪያ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ዲኤንኤውን ይገለብጣል። ሲገለብጥ አልፎ አልፎ ፊደል ይስታል። አንድ ጠብታ የኩሬ ውሃ ውስጥ ስንትና ስንት ባክቴሪያ እንዳለ ስታስቡ ስህተቱ ጥቂት አይደለም። ግን ዋናው ምንጭ ይህ አይመስለኝም። ባክቴሪያ ጂን ይበዳደራል። አባትና እናት አይጠብቅም፣ ጎረቤት ይበቃዋል። ሁለት ባክቴሪያ ተጠጋግተው ፕላዝሚድ የሚባል ትንሽ ክብ ዲኤንኤ ያቀባብላሉ። የባክቴሪያ ቫይረሶችም ከአንዱ ወስደው ሌላው ውስጥ ይጥላሉ። ሞቶ ከፈረሰ ባክቴሪያ የተበተነ ዲኤንኤ ለቅሞ የሚጠቀምም አለ። ውሃ ለዚህ ሁሉ የተመቸ ነው። ትናንት ምንም ያልነበረው ባክቴሪያ ዛሬ መርዝ የሚሠራበት ወይም መድኃኒት የሚያከሽፍበት ጂን ይዞ ይገኛል።

አሁን ወደ አላባማ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ፣ በአላባማ ግዛት ምዕራብ፣ የአምባዛ ዘመድ የሆነ አሳ የሚያረቡ ገበሬዎች ዱብ ዕዳ ወረደባቸው። ለገበያ የደረሱ ትልልቅ አሳዎች በጅምላ ሞቱ። ምርመራው ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ አለ። ሰው ግራ ተጋባ። ሃይድሮፊላን ሁሌም ያውቁታል። ውሃ ሲበላሽ፣ አሳ ሲጨናነቅ ወይም ሲቆስል ጥቂት አሳ የሚገድል፣ አጋጣሚ ጠባቂ ባክቴሪያ ነበር። ይኸኛው ግን ጤነኛውንም አልማረም።

ጂኖሙ ሲነበብ ነገሩ ተገለጠ። ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ ከታመሙ አሳዎች ከተወሰዱት የሃይድሮፊላ ዘሮች ጋር አይመሳሰልም። የሚመሳሰለው ቻይና ውስጥ ከታመመ ካርፕ ከተወሰደው ጋር ነው። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት የዘሩ ምንጭ እስያ ነው አሉ። ዛሬ ኤስቲ 251 በሚል የቤተሰብ ቁጥር ይታወቃል። ስሙ ያው ሃይድሮፊላ ነው፣ ጠባዩ ግን ሌላ። ስሙ ላይ ቆመው ቢቀሩ ኖሮ ገበሬዎቹን «ውሃችሁን አላጸዳችሁም» ብለው ሲወቅሷቸው ይከርሙ ነበር።

የዚህን ታሪክ አንድ ክፍል በጣም እወደዋለሁ። ይህ ክፉ ዘር ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ልማድ አለው። ማዮ ኢኖሲቶል የምትባል ስኳር መሳይ ነገር ብቻ ተሰጥቶት ያድጋል። ብዙዎቹ የሃይድሮፊላ ዘሮች ይህን አይችሉም። ስለዚህ ጂኖም ማንበቢያ ማሽን የሌለው ላቦራቶሪ ከማዮ ኢኖሲቶል በቀር ሌላ የካርቦን ምግብ የሌለበት ማሳደጊያ አዘጋጅቶ ባክቴሪያውን ይዘራበታል። ካደገ ተጠርጣሪ ነው። ካላደገ ሌላ ነው። በሚሊዮን ፊደላት ተነቦ የተገኘው ልዩነት መጨረሻው በአንድ የሙከራ ቱቦ የሚታይ ሆነ። ለእኛ ዓይነት አገር የሚያዋጣው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

በነገራችን ላይ፣ የኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ መለኪያ ተደርጎ የተያዘውና ጂኖሙ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሞ የወጣው ዘር የተገኘው ከአሳ አይደለም። አሳ አሳ ከሸተተ የቆርቆሮ ወተት ነው። ስንት አገር የአሳ በሽታውን ከአንድ የወተት ቆርቆሮ ባክቴሪያ ጋር እያነጻጸረ እንደሚኖር ሳስብ ሳቄ ይመጣል።

ሌላው ታሪክ የስም ነው። ስንጥብ የሚያበሰብስና ጀርባ ላይ ኮርቻ የሚመስል ግራጫ ቁስል የሚያወጣ ኮለምናሪስ የሚባል በሽታ አለ። ዴቪስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1922 ሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢ አይቶ ጻፈው። መቶ ዓመት ሙሉ አንድ ባክቴሪያ ነው ተብሎ ኖረ፤ ፍላቮባክቴሪየም ኮለምናሬ። ክትባት ሲሠራለት አንድ ቦታ ይሠራል፣ ሌላ ቦታ አይሠራም። አንዱ አምባዛውን ሲፈጅ ሌላው አይነካውም። የዘረመል ሰዎች ቡድን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያሉ ሲከፋፍሉት ቆዩ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2022 አራቱም ራሳቸውን የቻሉ ዝርያዎች ናቸው ተባለ። አንዱ የድሮ ስሙን ያዘ፣ አንዱ ለዴቪስ መታሰቢያ ዴቪሲ ተባለ፣ አንዱ ኮቬ። አራተኛው ኦሪዮክሮሚስ ነው። በብዛት የሚገኘው ቆሮሶ ላይ ስለሆነ የቆሮሶን ሳይንሳዊ ስም ሰጡት። ሐይቅ ላይ መረብ ለሚጥል ሰው ከአራቱ የሚያሳስበው ይህ ነው።

እንዲህ ባለው የስም ማጥራት ሥራ ውስጥ የእኛም ሰው እጅ አለበት። ኤድዋርድሲየላ ታርዳ የሚባል ባክቴሪያ ነበር። ከአሳም፣ ከእባብም፣ ከሰውም ይገኛል። ኢትዮጵያዊው ዶ/ር ታከለ አባይነህ ኖርዌይ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ከአሳ የተወሰዱትን የዚህን ባክቴሪያ ዘሮች በብዙ ጂኖች አመሳከረ። ከአሳ የመጡት ከሰው ከመጡት ተለይተው ቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኤድዋርድሲየላ ፒሲሲዳ የሚል አዲስ ዝርያ ተሰየመ። ዛሬ የትም አገር ያለ የአሳ ሐኪም ይህን ስም ይጠቀማል። ተማሪዎች፣ ይህን የምነግራችሁ እንድታጨበጭቡ ብቻ አይደለም። የሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ልብ በሉ፦ ቀደም ብለው የተሰበሰቡና በረዶ ውስጥ የተቀመጡ ባክቴሪያዎችን ወስዶ ዝምድናቸውን ቆጠረ። የተቀመጠ ባክቴሪያ ባይኖር ግኝቱም አይኖርም ነበር። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ብዝኃነት ሁሉም ጋ እኩል አይደለም። ቆሮሶ ላይ ኩላሊትና ጣፊያ ውስጥ ነጫጭ እብጠት የሚያወጣ ፍራንሲሴላ ኦሪየንታሊስ የሚባል አለ። ከተለያዩ አገሮች የተወሰዱት ዘሮቹ በጣም ይመሳሰላሉ። እንዲህ ያለው ጠላት፣ ክፉም ቢሆን፣ ለክትባት ሠሪ ይመቻል። አንዱን ከመታህ ሌላውንም የመምታት ተስፋ አለህ።

ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲኤ ግን ሌላ ነው። ይህ ባክቴሪያ ሰው ላይም አለ፣ ላም ጡት ላይም አለ፣ አሳ ላይም አለ። አሳ ላይ የለመደው አንዱ ዘር፣ 260 እና 261 የሚባለው ቤተሰብ፣ ጂኖሙ ወደ 1.8 ሚሊዮን ፊደል ወርዷል። የሰዎቹ 2.1 ሚሊዮን ገደማ ነው። አሳ ውስጥ ለመኖር የማያስፈልገውን እየጣለ፣ እያራገፈ መጥቷል። ይህ ዘር ሰው አይነካም ማለት ይቻላል። ከጎኑ ግን ኤስቲ 283 አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲንጋፖር ውስጥ ጥሬ የወንዝና የሐይቅ አሳ የበሉ ሰዎች ታመሙ። ይህ ዘር የተገኘባቸው ብቻ ከመቶ በላይ ናቸው። ደም ውስጥ ገባ፣ የማጅራት ገትር ያመጣባቸውም ነበሩ። የቆሮሶ ኩሬዎችን የሚያጠቃው ደግሞ ይኸው ዘር ነው፤ ታይላንድ፣ ማሌዥያ፣ ቬትናም ተገኝቷል። ያው ስም፣ ያው አሳ። አንዱ ዘር የአርቢውን ኪስ ብቻ ይጎዳል፣ ሌላው በላተኛውን ሆስፒታል ያስተኛል። ወረቀቱ ላይ «ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲኤ» ብቻ ተጽፎ ቢሰጠኝ ምን ልምከር?

ክትባት ላይም ይኸው ነገር ይመጣል። የመጀመሪያው ለገበያ የበቃ የአሳ ክትባት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 ፈቃድ ያገኘው ነው። ትራውት የሚባለውን አሳ ከየርሲኒያ ሩከሪ የሚጠብቅ፣ በሙት ባክቴሪያ የተሠራ ቀላል ክትባት ነው። በጣም ሠራ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን የተከተቡ አሳዎች መታመም ጀመሩ። ሲታይ ባክቴሪያው የሚዋኝበትን ጭራ ጥሏል። የሚገርመው፣ ይህን ያደረገው አንድ ዘር ብቻ አልነበረም። በተለያየ ቦታ ያሉ ዘሮች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የዲኤንኤ ለውጥ ጭራቸውን ጣሉ። እስራኤል ውስጥም ትራውትን ከስትሬፕቶኮከስ ኢኒኤ መከተብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ሌላ ዓይነት ሽፋን የለበሰ ዘር ብቅ አለ። ስለዚህ ክትባት ይዞ የሚመጣ ነጋዴ ካለ «በየትኛው ዘር ነው የተሠራው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከተናደደ አትግዙት።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ሐይቅ በሚባለው ሐይቃችን ውስጥ ያለው ቆሮሶ የዚያ ውሃ ተወላጅ አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሰው ነው አምጥቶ የለቀቀው። ዛሬ የሐይቅ ከተማ ምግብ ቤቶች ያለ እሱ ምን ይሠሩ እንደነበር አላውቅም፤ ጥሩ ሥራ ነበር። ግን አሳ ብቻውን አይጓዝም። በአንጀቱ፣ በስንጥቡ፣ በቆዳው ያለውን ይዞ ይሄዳል። የተጫነበት ውሃም እንዲሁ። ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የሌለው ውሃ ነው፤ ከላይ ከአርድቦ በአንከርካ ወንዝ በኩል ይቀበላል እንጂ ወደ ሌላ አያሳልፍም። የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል።

ዛሬ ደግሞ ኩሬ የሚቆፍረው ሰው በዝቷል። የአሳ ጫጩት ከየትም ይመጣል። ከሰበታ የምርምር ማዕከል የሚያመጣ አለ፣ ከሐይቁ አጥምዶ የሚለቅ አለ፣ ከጎረቤት በባልዲ የሚቀበል አለ። ባልዲው ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ከሁለት የተለያየ ቦታ የመጣ ጫጩት አንድ ኩሬ ውስጥ ስትጨምሩ ሁለት የባክቴሪያ መንደር እያገናኛችሁ ነው። ጂን የሚበዳደሩት እንዲህ ሲገናኙ ነው። እኔን ብትሰሙኝ አዲስ የመጣውን ጫጩት ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው አቆዩት። ታሞ ከሞተ ለብቻው ይሙት። የመጣበትን ውሃ ኩሬያችሁ ውስጥ አትገልብጡት። መረቡን ከኩሬ ወደ ኩሬ ስታዛውሩ በደንብ ፀሐይ ላይ አድርቁት።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ፋርማሲ ሄዶ ለራሱ የሚውጠውን አምፒሲሊን ገዝቶ መኖ ላይ ሲበትን አይቻለሁ። ኤሮሞናስ በተፈጥሮው አብዛኛውን ጊዜ አምፒሲሊን አይበግረውም። ገንዘቡ ውሃ ውስጥ ገባ። ቴትራሳይክሊን ደግሞ አንዱ ዘር ላይ ይሠራል፣ ፕላዝሚድ የያዘው ዘር ላይ አይሠራም። በግምት ስትረጩ የሚሞተው የዋሁ ነው፣ የሚቀረው ጂኑን የያዘው ነው። ከዚያ ያንን ጂን ለጎረቤቱ ያካፍላል። ጎረቤቱ የአሳ ባክቴሪያ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ከቤት ፍሳሽ የመጣ የሰው አንጀት ባክቴሪያም እዚያው ውሃ ውስጥ አለ።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሦስቱን ላስቀምጥ።

አሳ ጠብሰው የሚሸጡ አንዲት እናት «እንግዲህ አሳ መብላት ልንፈራ ነው ወይ? ጾም ደርሷል፣ ገበያችንን እንዳትዘጋብን» አሉኝ። አይዝጉ እናቴ፣ እኔም ደንበኛ ነኝ። እሳት የነካው፣ ውስጡ ድረስ የበሰለ አሳ ላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች አይተርፉም። ጥሬውን በሚጥሚጣ የሚበላውን ግን እኔ አልመክርም፤ የሲንጋፖሩን ነግሬያችኋለሁ። እርስዎ የበለጠ መጠንቀቅ ያለብዎት ሲበልቱ ነው። የክንፉ እሾህ እጅ ይወጋል። እ.ኤ.አ. በ1995 እና 1996 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ትኩስ አሳ፣ በብዛት ቆሮሶ፣ ሲያጸዱ እጃቸው የተወጋ ሰዎች እጃቸው አብጦ ሆስፒታል ገቡ። ስትሬፕቶኮከስ ኢኒኤ ነው። ከአሳዎቹ ቆዳ ላይ የተወሰደው ዘሩ ብዙ ዓይነት ነበር። ሰዎቹን ያሳመመው ግን አንድ ዘር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቁስል ካለብዎት ጓንት ያድርጉ፣ ከተወጉ ወዲያው በሳሙና ይታጠቡ፣ ካበጠ ሐኪም ጋ ሲሄዱ «አሳ ወግቶኝ ነው» ማለትዎን አይርሱ። ሐኪሙ እሱን ካልሰማ ሌላ ነገር ነው የሚያስበው።

አንድ ወጣት «አሳዬ ሌሊት ሌሊት ነው የሚሞተው፣ የትኛው ዘር ነው?» አለ። ምናልባት የትኛውም አይደለም። ሊነጋጋ ሲል አሳዎቹ ላይ ወጥተው አየር የሚጎርሱ ከሆነ ኦክስጅን አልቋል ማለት ነው። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ መኖው ሲበዛ እንዲህ ይሆናል። መኖ ቀንስ፣ ውሃ ለውጥ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። ለሁሉም ሞት ባክቴሪያ መፈለግም በሽታ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ከአንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። «ጂኖም ማንበቢያ የለንም፣ ለፒሲአር (ዲኤንኤ ለሚያባዛው ምርመራ) እንኳ ኬሚካል በየጊዜው ያልቃል። ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይረባናል?» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሴ፦ ዛሬ ማንበብ ባትችሉም አስቀምጡት። ንጹሕ አድርጋችሁ ያሳደጋችሁትን ባክቴሪያ 20 በመቶ ግሊሰሮል ባለበት ማሳደጊያ ውስጥ አድርጋችሁ በጥልቅ ማቀዝቀዣ፣ ከተቻለ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ፣ አኑሩት። ቱቦው ላይ የአሳው ዓይነት፣ የተያዘበት ቦታ፣ ቀኑ፣ ጫጩቱ ከየት እንደመጣ፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጠው በማይለቅ እስክሪብቶ ይጻፍ። የታከለ አባይነህ ግኝት የወጣው እንዲህ ከተቀመጠ ቱቦ ነው። ማንበቢያው ሲገኝ፣ ወይም ያለው ሰው ሲተባበር፣ የአምስትና የአሥር ዓመት ታሪክ በአንድ ጊዜ ይነበባል። ያልተቀመጠውን ማንም መልሶ አያመጣውም።

ለአርቢዎች ደግሞ፦ ናሙና ስታመጡ የሞተውን አታምጡ። በውሃ ውስጥ የሞተ አሳ ሰዓታት ሳይሞላው የውሃ ባክቴሪያ ይወርረዋል፤ እኛም ገዳዩን ትተን ለቀብር የመጣውን ስናሳድግ እንውላለን። ሊሞት ያለውን፣ መዋኘት የደከመውን፣ ጎኑ ላይ የተጋደመውን ሦስት አራት አምጡ። በሕይወት ማምጣት ካልቻላችሁ እያንዳንዱን በተለያየ ፌስታል አድርጋችሁ በረዶ መሃል አስቀምጡት፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አትጨምሩት። በሌላ ጠርሙስ የኩሬውን ውሃ ያዙ። ዓይኑ የፈጠጠ ወይም ዙሪያውን የሚሽከረከር አሳ ካለ ጭንቅላቱን አትቁረጡት፣ ከአንጎሉ ናሙና መውሰድ እንፈልጋለን። መድኃኒት የሰጣችሁት ከሆነ ደብቃችሁ አታምጡ፣ አንቆጣም። ከመምጣታችሁ በፊትም ደውሉ፤ የባክቴሪያ ማሳደጊያው ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ዓርብ ከሰዓት ግን እባካችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ማንም የለም።